የአፈር ስፔክትሮስኮፒ ምንድን ነው?

ገበሬ አፈሩን በዓይኑ ይለያል። ጥቁሩን ዋልካ ይለዋል፤ ሲረጥብ እግር ላይ የሚለጠፍ፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት። ቀዩ ጠባዩ ሌላ ነው፤ አስተራረሱም ሌላ። ስፔክትሮስኮፒም ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መሣሪያው እኛ የማናየውንም ብርሃን ማየቱ ነው።

የእኛ ዓይን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ገደማ የሆነውን ብርሃን ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ኢንፍራሬድ ይመጣል። አፈሩ በአየር ይደርቃል፣ ይደቃል፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋል፣ ከዚያ በትንሽ ሳህን ተደርጎ መብራት ይበራበታል። ከብርሃኑ ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ይመልሳል። መሣሪያው የተመለሰውን እስከ 2500 ናኖሜትር ድረስ ይለካና አንድ ወጣ ገባ መስመር ይስላል። መስመሩ 1400 እና 1900 አካባቢ ከጎደጎደ በአብዛኛው ውሃ ነው። 2200 አካባቢ ያለችው ጠባብ ጎድጓዳ የሸክላ ማዕድን ናት። 900 አካባቢ ሰፋ ብሎ የሚወርደው ደግሞ ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ነው። ቅጠልም እንደዚሁ ይነበባል፦ ጤነኛ ከሆነ ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ኢንፍራሬዱን በብዛት ይመልሳል። ሳተላይት የሰብልን ልምላሜ ከላይ ሆኖ የሚገምተው በዚህ ነው።

እሺ፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ስንት ፐርሰንት ነው? መስመሩ በራሱ ይህን አይነግርህም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። መጀመሪያ ብዙ ናሙናዎች ላብራቶሪ ገብተው በኬሚካል ይለካሉ። እነዚያው ናሙናዎች በብርሃንም ይነበባሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ የትኛው የመስመር ቅርጽ ከየትኛው ቁጥር ጋር እንደሚሄድ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ለአዲስ ናሙና አንድ ሁለት ደቂቃ ብርሃን ይበቃዋል። ስለዚህ የሚሰጥህ ቁጥር ግምት ነው። ጥሩ ግምት ሊሆን ይችላል፣ ግን ጥሩነቱ በተማረበት አፈር ይወሰናል። የአውሮፓ አፈር ላይ የተማረ ሞዴል (ኮምፒውተሩ ተምሮ የሚገምትበት ስሌት) ዋልካ ላይ ስታመጣው ሊሳሳት ይችላል፤ እንዲህ ያለ አፈር አይቶ አያውቅማ!

ሌላም ወጥመድ አለ። ከአንድ ማሳ የተወሰዱ ናሙናዎችን ግማሹን ለማስተማሪያ ግማሹን ለመፈተኛ ካደረግክ ውጤቱ በጣም ያምራል። ግን ተማሪው ፈተናውን ቀድሞ አይቶታል። መፈተን ያለበት ባላየው ቀበሌ ነው።

በአገራችን ለብዙ ዓመታት የማዳበሪያ ነገር ዳፕና ዩሪያ ነበር፤ ለሁሉም አፈር አንድ ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ አፈር መረጃ ሥርዓት፣ ኢትዮሲስ የሚባለው፣ ናሙና ከየወረዳው እየሰበሰበ በኬሚካልም በብርሃንም መረመረ። ብዙ ቦታ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክም እንደሚጎድል ታየ። በዳፕ ፋንታ ሰልፈር ያለበት ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ናሙና ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር በኬሚካል ብቻ እንመርምር ቢባል ወጪውም ጊዜውም ከባድ ነው።

ብርሃን ካርቦንን፣ ጠቅላላ ናይትሮጅንንና የሸክላ መጠንን ጥሩ አድርጎ ይገምታል። ተክሉ የሚያገኘውን ፎስፈረስ ግን ብዙ ጊዜ በትክክል አይገምትም፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ መስመሩ ላይም የራሱ ግልጽ ምልክት የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዞ ማሳህ ላይ ቢመጣና በደቂቃ ውስጥ የፎስፈረስ ቁጥር ቢነግርህ፣ መሣሪያው የየት አካባቢ አፈር ላይ እንደተማረ ጠይቀው፤ አንድ ናሙናም ለላብራቶሪ አስቀር።