የግንባር አየር መሪ እና የጎጃም ዘመቻ

የግንባር አየር መሪ የሚባለው ከእግረኛው ጦር ጋር በምድር ሆኖ፣ ወይም በግንባሩ ላይ ዝቅ ብላ በምታንዣብብ ትንሽ አውሮፕላን ተቀምጦ፣ ተዋጊና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ወደ ዒላማ የሚያደርስ ወታደር ነው። በፍጥነት የሚያልፍ አብራሪ ከላይ የሚያየው ዛፍ፣ ገደልና ጭስ ነው፤ ወገንን ከጠላት የሚለይለት መሪው ነው። መሪው ሲሳሳት የሚያልቀው ወገን ነው።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መሪው መጀመሪያ የወገን ጦር ከዒላማው በየት አቅጣጫና በስንት ሜትር ርቀት እንዳለ ይናገራል። ቀጥሎ የዒላማውን ምንነት፣ ቦታና ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ ይሰጣል። ከዚያ ዒላማውን በነጭ ፎስፈረስ ጭስ አመልክቶ «ከጭሱ ወደ ሰሜን 100 ሜትር» እያለ ያርማል። የመግቢያውን አቅጣጫ የሚወስነውም እሱ ነው። ቦምብ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ በበረራው መስመር ላይ አጥሮ ወይም አልፎ ይወድቃል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ከወገን መስመር ጎን ለጎን ሆኖ እንጂ በወገን አናት ላይ አልፎ እንዳይጥል ይጠነቀቃል። አብራሪው ማዘቅዘቅ ሲጀምር መሪው በዓይኑ ተከትሎ ወይ ይፈቅድለታል ወይ ይመልሰዋል።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። ጭስን ነፋስ ይወስደዋል፤ የዘገየ አብራሪ ባዶ መሬት ይመታል። ጠላት ተመሳሳይ ቀለም ያለው ጭስ ሊለኩስ ስለሚችል፣ ወገን ቦታውን በጭስ ሲያሳይ ቀለሙን አስቀድሞ አይናገርም፤ ያየውን ቀለም አብራሪው ይጠራል፣ በምድር ያለው ያረጋግጣል። ሬዲዮው ደግሞ ገደል አይሻገርም። ከዓባይ በረሃ ግርጌ ያለ ሰው በደጋው ማዶ ዝቅ ብሎ ከሚበር አውሮፕላን ጋር መነጋገር አይችልም። ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ባለበት አገር የዒላማውን ከፍታ አሳስቶ መናገር ቦምቡን ሌላ ሸንተረር ላይ ያስጥላል።

በዚህ ሥራ በጀግንነት ከሚነሱት አንዱ አሜሪካዊው ሻምበል ሂልያርድ ዊልባንክስ ነው። በየካቲት 17 ቀን 1959 ዓ.ም. በደቡብ ቬትናም ዳላት አቅራቢያ ኦ-1 በምትባል ትንሽ የቅኝት አውሮፕላን ሲቃኝ፣ ሬንጀር ለሚባሉ የወገን ልዩ እግረኞች የተዘጋጀ ደፈጣ ከላይ አየ። ይህች አውሮፕላን የቆዳዋ ብረት ስስ ነው፤ የያዘችው የምልክት ጭስ ሮኬት ብቻ ነበር። ተዋጊ አውሮፕላኖቹ ከመድረሳቸው በፊት ጠላት ከምሽጉ ወጥቶ ሲያጠቃ ዊልባንክስ ቀሪ ሮኬቶቹን ተኮሰ፤ ሲያልቁበት ዝቅ ብሎ እየተመላለሰ በጎን መስኮት በኤም-16 ጠመንጃ ተኮሰ። ተመትቶ ወደቀ፤ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድም ሕይወቱ አለፈ። የአሜሪካ ከፍተኛው የጀግና ሜዳይ ተሰጠው። በኮሪያ ጦርነት ደግሞ ቃኘው የተባሉት የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦሮች በተሰለፉበት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ግንባር ይህንኑ ሥራ «ሞስኪቶ» የተባሉት ቲ-6 አውሮፕላኖች ይሠሩ ነበር።

አርበኞችና እንግሊዞች ጣሊያንን ከጎጃም ባስወጡበት በ1933ቱ የጎጃም ዘመቻ ግን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን ተከፋፍለው የያዙት አርበኞች፣ የሬዲዮ ሠራተኞችና አብራሪዎች ናቸው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ የመራው፣ አርበኞችን ለማገዝ የተላከው ሚስዮን 101 የተባለ ቡድን ከሱዳን ጎጃም ሲገባ፣ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረው ነበሩ። የጣሊያን አውሮፕላን ቢፈልጋቸውም አላገኛቸውም፤ መንገዱን የሚያውቀው፣ ስንቅ የሚያቀብለውና የሚሸሽገው የጎጃም ሰው ነበርና። በመስከረም 1933 የአርበኞች መሪዎቹ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ተባብረው ለመዋጋት ተስማሙ፤ የሚስዮኑም ጀርባ ተጠበቀ።

የሚስዮኑ ሬዲዮ የሚያገናኘው ከካርቱም ጋር እንጂ ከአውሮፕላን ጋር አልነበረም። ዒላማ ያየ አርበኛ መልእክተኛ ይልካል፣ መልእክቱ በምስጢር ቁጥር ተለውጦ ካርቱም ይገባል፣ ከዚያ ለአየር ኃይሉ ይደርሳል። አውሮፕላን እስኪነሳ የሚንቀሳቀስ ጦር ቦታውን ለቋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚደበደቡት እንደ ቡሬና ዳንግላ ያሉ ቋሚ ምሽጎች ነበሩ። ቅርብ ድጋፍ ቢመጣ እንኳ ባንዳውም አርበኛውም ጋቢ ለብሶ ጠመንጃ ስለሚይዝ፣ ከላይ ያለ አብራሪ ያለ ምልክት ሊለያቸው አይችልም ነበር።

በደንብ የተሳካው የማረፊያው ሜዳ ነው። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት በቪከርስ ቪንሰንት አውሮፕላን ሰከላ አካባቢ በተመነጠረ ሜዳ አርፎ ከሳንፎርድ ጋር ከተመካከረ በኋላ በዚያው አውሮፕላን ተመለሰ። እንዲህ ባለ ደጋ ማረፍ ከመነሳት ይቀላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉም የሚያነሳው ይቀንሳል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ድንጋይ መልቀም፣ ጉድጓድ መድፈንና ከብት ማራቅ የአካባቢው ሰው ሥራ ነው፤ ይህ ድካም ግን በእንግሊዞቹ ትረካ ብዙም አይነሳም።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ከገቡ በኋላም የአየር ድጋፉ እምብዛም አልጨመረም፤ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ በኤርትራው የከረን ውጊያ ተይዘው ነበር። የአየር ድጋፍ ማጣት ያስከፈለው ዋጋ የታየው የካቲት 27 ቀን ነው። የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቆ በብዙ ሺህ ሰው፣ በብረት ለበስ መኪናና በአውሮፕላን ታጅቦ ሲያፈገፍግ፣ ጨረቃ ወንዝ አጠገብ ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ያለውን 2ኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ አገኘው። ሻለቃው መድፍም የአየር ከለላም አልነበረውም። መስመሩ ቢሰበርም ተዋግቶ ነው፤ ብረት ለበሶችንም በፀረ ታንክ ጠመንጃ መትቷል።

ደብረ ማርቆስ በመጋቢት ተለቀቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ28 ገቡ። ከዚያ ያፈገፈገው የጣሊያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ግን ዓባይን ተሻገረ። አንዳንድ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ማምለጡን በጎጃሙ አርበኛ በልጅ በላይ ዘለቀ ላይ ያላክካሉ፤ ጉዳዩ አከራካሪ ነው፤ የጎጃም አርበኞች ታሪክ በዚህ አይመዘንም። ከላይ ሆኖ ጉዞውን የሚከታተልና ቦምብ ጣይ የሚጠራ አንድ አውሮፕላን ቢኖር ኖሮ ያ ረጅም ሰልፍ በበረሃው ቁልቁለት ላይ የተጋለጠ ዒላማ ይሆን ነበር። ማራቬንታኖ እጁን የሰጠው በግንቦት 15 ቀን ወሎ ውስጥ አጊባር ላይ ነው።