በቀጥታ ወደ ስክሪን፦ የቀድሞዎቹ የአጭር መልእክት ፕሮቶኮሎች

ኢሜይል ባለቤቱ እስኪከፍተው ድረስ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። «ሰርቨሩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይዘጋል» የሚል ማሳሰቢያ ግን ነገ ቢነበብ ምን ይፈይዳል? እንዲህ ያለው መልእክት ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ስክሪን ላይ ወዲያው ብቅ ማለት አለበት።

የኢንተርኔትን ደንቦች ከቀረጹት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ጆን ፖስቴል ይህን ጉዳይ ኢሜይልን ራሱን ሲደነግግ አስቦበታል። በነሐሴ 1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤስኤምቲፒ (ኢሜይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፍበት ፕሮቶኮል፣ ማለትም የጋራ ደንብ) ሰነድ «ሴንድ» የሚባል ትእዛዝ ነበረው፤ መልእክቱን ወደ ሳጥን ሳይሆን ወደ ተርሚናል፣ ማለትም ሰውየው ወደሚሠራበት ስክሪንና ኪቦርድ፣ ያደርሳል። «ሶምል» ደግሞ ሰውየው ካለ ስክሪኑ ላይ፣ ከሌለ ሳጥኑ ውስጥ ይጥልለታል። በእኔ እይታ ከዘመኑ የቀደመ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም በተግባር ያዋሉት ጥቂቶች ነበሩ።

ለዚሁ ሥራ ብቻ የተነደፈው «ሜሴጅ ሴንድ ፕሮቶኮል» ነው። ራስል ኔልሰን በ1990 የመጀመሪያውን ስሪት፣ በ1992 ደግሞ ከጄፍ አርኖልድ ጋር ሁለተኛውን አወጣ። ፖርቱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ መልእክቱን የሚቀበልበት የበር ቁጥር፣ 18 ነው። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የፕሮቶኮሉን ስሪት የሚናገር አንድ የላቲን ፊደል፣ ለሁለተኛው ስሪት «ቢ»፤ ከዚያ የተቀባዩ ስም፣ ተርሚናሉ፣ መልእክቱ፣ የላኪው ስም፣ የላኪው ተርሚናል፤ እያንዳንዱ በዜሮ ባይት ይዘጋል። ጠቅላላው ከ512 ባይት ያነሰ መሆን አለበት። በተቀባዩ ተርሚናል ቦታ ኮከብ ምልክት ከተጻፈ መልእክቱ ወደ ሁሉም ተርሚናሎች ይደርሳል። ከደረሰ ሰርቨሩ የመደመር፣ ካልደረሰ የመቀነስ ምልክት ይመልሳል። መድረሱን ራሱ በማያረጋግጠው የመላኪያ መንገድ፣ በዩዲፒ፣ ሲላክ አንዱ መልእክት ሁለቴ ሊደርስ ስለሚችል ድግግሞሹን የሚለይ «ኩኪ» የተባለ መለያም አብሮ ይሄዳል። ተርሚናሉን ሊያዝዙ የሚችሉ ስውር ምልክቶች ስክሪን ላይ ከመውጣታቸው በፊት ይጣራሉ።

ሰፊውን ሕዝብ ያገኘው ግን ያርኮ ኦይካሪነን በ1988 ፊንላንድ ኦውሉ ውስጥ የጀመረው አይአርሲ የተባለ የቡድን መወያያ ሥርዓት ነው። እዚያ ሰው አንድ ቻናል ውስጥ ገብቶ ከብዙዎች ጋር ያወራል።

ሁለተኛው ሜሴጅ ሴንድ የተሠራው ለላቲን ፊደላት ነበር፤ ግእዝ የዓለም ፊደላትን ሁሉ በቁጥር በሚሰይመው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የዩኒኮድ ፊደላት ወደ ባይት በሚቀየሩበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የአይአርሲ አንድ መስመር 512 ባይት ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው በሚበቃው ቦታ አማርኛ ጸሐፊ ቢበዛ 170 ፊደል ብቻ ያገኛል፤ የቻናሉና የላኪው ስም ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።