ፊልክስ ያልተቀበለው ገንዘብ

ሮማዊው አገረ ገዥ ፊልክስ ጳውሎስን ደጋግሞ እያስጠራ ያነጋግረው ነበር። ሉቃስ ምክንያቱን አልሸሸገም፤ ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነው (ሐዋ. 24፥26)። እጁ የገባ ገንዘብ ግን አልተጻፈም። እንዲያም ሆኖ ንጹሑ ሰው 2 ዓመት ታስሮ ቀረ። ወገኖች ሆይ፣ ጉቦ ሲባል በፖስታ ታሽጎ የሚሰጥ ብር ብቻ ለሚታየን ይህ ቃል ከባድ ነው። በተስፋ የሚጠበቅ ገንዘብም ፍርድን ያስራል።

አሜሪካ የምንኖር ይህን በየዕለቱ አጠገባችን እናገኘዋለን። ኩባንያ ከካዝናው ለፌዴራል ዕጩ መስጠት ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። በ2010 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ከዕጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ኩባንያዎች ለቅስቀሳ ያሻቸውን ያህል እንዲያወጡ ፈቀደ።

እኛን ይበልጥ የሚያስጨንቀን ባለ ሥልጣን ከለቀቀ በኋላ የሚጠብቀው የሥራ ተስፋ ነው። ኖቬምበር 22፣ 2003 የሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ የመድኃኒት ሕግ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የተጀመረው ድምፅ አሰጣጥ፣ በልማዱ 15 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ሊነጋጋ ሲል 220 ለ 215 ሆኖ ተዘጋ። ሕጉ ሜዲኬር ከመድኃኒት አምራቾች ጋር በዋጋ እንዳይደራደር ይከለክል ነበር። ሕጉን ከቀረጹት አንዱ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢው ቢሊ ቶዚን፣ በ2005 መጀመሪያ የአምራቾቹ ማኅበር መሪ ሆኑ። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነውና በሰውየው ላይ አንፈርድም፤ ሕጉም አልከለከላቸውም። የዋጋ ድርድሩ ክልከላ የላላው በ2022 ነው። ለድርድር ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች አንዱ፣ ብዙ እናቶችና አባቶች የሚወስዱት የደም ማቅጠኛ ኤሊክዊስ፣ በድርድር የተቆረጠው ዋጋው ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2026 ነው።

በ2007 የወጣው ሕግ ከሥልጣን የለቀቀ ሴናተር ለ2 ዓመት፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለ1 ዓመት የቀድሞ ባልደረቦቹን እንዳይወተውት ያግዳል። ከጀርባ ሆኖ ኩባንያውን ማማከር ግን አልተከለከለም። ደግሞም ለአንድ ደንበኛ ከሚሠራበት ጊዜ ውስጥ ለውትወታ የሚያውለው ከ20 በመቶ በታች ከሆነ፣ ሎቢስት (ተከፍሎት ባለ ሥልጣናትን የሚወተውት) ተብሎ መመዝገብ አይገደድም። ቀዳዳው ይህ ነው።

የተመዘገቡት ሎቢስቶች በየሩብ ዓመቱ ማብቂያ በ20 ቀን ውስጥ ሪፖርት ያስገባሉ። ገንዘቡና የረቂቅ ሕጉ ቁጥር ይጻፍበታል፤ የትኛውን ምክር ቤት ወይም መሥሪያ ቤት እንዳነጋገሩም ይጠቀሳል። ያነጋገሩት ሰው ስም ግን የለበትም። ስለዚህ ወደ ተወካያችሁ ቢሮ ስትደውሉ የረቂቁን ቁጥር ይዛችሁ «በዚህ ጉዳይ እነማንን አነጋገራችሁ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የመመለስ ግዴታ የለባቸውም፤ ጥያቄው ግን ብዙውን ጊዜ በቢሮው ይመዘገባል።

ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ ከማንስ እጅ ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ ጠይቋል (1ኛ ሳሙ. 12፥3)። በጸሎት ሰዓታችን ለባለ ሥልጣናት ስንማልድ፣ ተወካያችንን በስማቸው ጠርተን እንዲህ የሚቆሙበትን ድፍረት እንለምንላቸው።