ሳይቃጠል በቅጠል፦ ግን የትኛው ቅጠል?

ባለፈው እሁድ የሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው የተቃጠለው የቆጣሪ ሳጥን ነው። ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ አበው..." ብለው ጀመሩ። ሳጥኑ ከሰል ሆኗል። ግድግዳው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ጠቁሯል። የምን ሳይቃጠል ነው?

ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁማ! ሳጥኑ ሦስት ወር ሙሉ ሲንጣጣ ሰምቻለሁ። የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን እየሰነፈጠኝ "አንዱ ይናገራል" እያልኩ ደረጃውን ወጥቻለሁ። ጎረቤቶቼም እንደዚያው።

አብዛኛው ሰው ይህን አባባል የሚፈታው በሰደድ እሳት ነው። እሳቱ ገና ሣር ለሣር ሲሳብ በለምለም ቅርንጫፍ ደብድበህ ታጠፋዋለህ፤ ካመለጠህ አመለጠህ። አልከራከርም፣ ጥሩ ፍቺ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ነገሩ ከቅጠል አልፎ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከማስመጣት ደርሷል።

የእኔ ልብ ግን ወደ ሌላ ቅጠል ያደላል። ወደ ኮባ።

ጎጃም፣ አያቴ ቤት፣ ለበዓል ድፎ ሲጋገር ኮባው የእኔ ሥራ ነበር። ኮባ እንዲሁ ተቆርጦ ምጣድ ላይ አይጣልም። መጀመሪያ የመሀል አጥንቱ በቢላ ይነሳለታል። ከዚያ እሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል፤ ያኔ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ካልተለበለበ ገና ስታጥፈው ይቀደዳል። ተደራርቦ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይደፋበታል፣ የተረፈው ጫፍ ከላይ ይመለስበታል። በላዩ ሌላ ምጣድ፣ በዚያ ላይ ፍም። እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ፤ ሊጡን የሚጠብቀው ያ ስስ ቅጠል ብቻ ነው። ዳቦው ሲወጣ ኮባው ጠቁሮ ይላጣል። የቅጠሉ መስመሮች ግን ዳቦው ሆድ ላይ ታትመው ይቀራሉ። በጣቴ እየተከተልኩ እቆጥራቸው ነበር።

አንድ የፋሲካ ዋዜማ ጨዋታ አስቸኮለኝና የተቀደደ ቅጠል አነጠፍኩ። ቀዳዳዋ ከመዳፌ አትበልጥም። አንድ ቁራጭ ብደርብበት ይበቃ ነበር። ማታ ቤቱን የሞላው የእርር ሽታ እስካሁን ይመጣብኛል። አያቴ አልተቆጣችም። ያረረውን በቢላ እየፋቀች "ሳይቃጠል በቅጠል ነበር ልጄ፤ አሁንማ በቢላ ሆነ" አለችኝ። በማግስቱ ያችን ቁራሽ ለይታ ለእኔ ሰጠችኝ።

እንግዲህ የእኔ መላምት ከዚያች ቁራሽ የተነሳ ነው። አባባሉ የተወለደው ምድጃ ዳር ነው እላለሁ። በግዕዝ ቅጠል "ቈጽል" ነው፤ ተቃጠለ ደግሞ "ውዕየ"። ቤት አይመታም። ስለዚህ ከቅኔ ማኅሌት የወረደ ሳይሆን ከጓዳ የወጣ አማርኛ ነው። (ማስረጃው ስስ ነው አትበሉኝ። ኮባም ስስ ነው።) "አበው" ሲባልም ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። ኮባ የሚያነጥፉት እመው ናቸው።

አያቴ ደግሞ አባባሉን ከዳቦ ይልቅ ለነፍሷ ትጠቀምበት ነበር። የዐቢይ ጾም ቅበላ ሲቃረብ ከማን ጋር እንደተኳረፈች ታስባለች። አንድ ዓመት በጥጃ ምክንያት ከጎረቤቷ ጋር ተቀያይመው ነበር። ጥጃው የጎረቤቷ፣ የተበላው ጎመን የእሷ። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ የተቆላ ሽምብራ በሰፌድ ይዛ ሄደች። "ጥፋቱ የእነሱ አይደል?" ብላት "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ብላ ዘጋችኝ።

ዛሬ ግን አባባሉ የንግግር መክፈቻ ጌጥ ሆኗል። መንገዱ ከተናደ፣ ልጁ ትምህርት ካቋረጠ፣ ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ "ሳይቃጠል በቅጠል" ይባላል። ኧረ ለእሱ ሌላ አባባል አለን፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሱን ማንም ደፍሮ ስብሰባ አይከፍትበትም፤ ውሻው ማን እንደሆነ ይታወቃላ!

ስብሰባው አዲስ ሳጥን እንዲገዛ ወስኖ ተበተነ። ስወጣ የሦስተኛው ፎቅ አምፖል ጭል ጭል ሲል አየሁት። ሁለት ደረጃ ካለፍኩ በኋላ ተመልሼ ሰብሳቢያችንን በር ላይ ያዝኳቸው።