ኮንደንሰር ማይክ ለቤት ቀረጻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴና በኮምቦልቻ መንዙማ የሚያዜም ወጣት፣ መዝሙር የምታጠና ዘማሪት፣ ለዩቲዩብ ትረካ የሚያነብ ተማሪ፣ ክራሩን ይዞ ባቲንና አምባሰልን የሚለማመድ ሙዚቀኛ ዛሬ ስቱዲዮ ሳይከራይ እቤቱ መቅዳት ይፈልጋል። ይህ እኔን በጣም ደስ ያሰኘኛል፤ ሁለቱ ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ምድር ስለሆነ እዚሁ ተዚመው እዚሁ ቢቀዱ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ብዙው ሰው ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣው ከጓደኛ፣ ከሻጭና ከቪዲዮ የሰማውን ሁሉ አምኖ መሆኑ፣ ማይኩን ወደ ቤቱ ወስዶ ሲሞክረውም ፈጽሞ ያልጠበቀውን ድምፅ መስማቱ ነው። እኔ በቤቴ ስቀዳና የሌሎችን ቀረጻ ሳዳምጥ ደጋግመው ያጋጠሙኝን አባባሎች ከዚህ በታች አንድ በአንድ አነሣለሁ።

«ኮንደንሰር ማይክ ምንጊዜም ከዳይናሚክ ይበልጣል»

ይህ አባባል መነሻው እውነት ነው። ካፕሱል የሚባለው የኮንደንሰር ማይክ ድምፅ ተቀባይ ክፍል፣ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ የሆነ ስስ ሽፋንና ከጀርባው የቆመ የብረት ሳህን አለው። ድምፅ ሽፋኑን ባርገበገበው ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል ወይም ይሰፋል፤ ያ ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀየራል። የዳይናሚክ ማይክ ሽፋን ግን በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል ተሸክሞ ስለሚርገበገብ ከበድ ይላል፤ ቀጭኑንና ፈጣኑን ድምፅም እንደ ኮንደንሰሩ አድርጎ አይከተልም። የክራር ክር ሲነካ መጀመሪያ የሚሰማው ጠቅታና የዘማሪዋ ትንፋሽ በኮንደንሰር ይበልጥ ጎልተው ይወጣሉ።

ሆኖም ይህ ጥራት ለሁሉም ሥራ አያስፈልግም። ድቤ እየተመታ፣ ተቀባዮች ከኋላ እየተቀበሉ በጠባብ ክፍል መንዙማ የሚያዜም ሰው ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ መያዝ ይኖርበታልና በእጅ የሚያዝ ጥሩ ዳይናሚክ ማይክ ከርካሽ ኮንደንሰር ይልቅ ሊያገለግለው ይችላል። ለብቻው ተቀምጦ ለሚተርክ ወይም ክራር ለሚቀዳ ሰው ግን እኔ ያለማመንታት ኮንደንሰሩን እመርጣለሁ።

«ኮንደንሰር የሰፈሩን ድምፅ ሁሉ ይሰበስባል፤ ዳይናሚክ ግን የአፍን ብቻ ይይዛል»

የመጀመሪያውን አባባል የተዉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወደዚህኛው ይሻገራሉ። ማይክ የሚፈለገውን ድምፅ ከማይፈለገው የሚለይበት አእምሮ የለውም። የባጃጁ ጩኸት ከአንባቢው ድምፅ አንጻር ምን ያህል ገንኖ እንደሚገባ በዋናነት የሚወስኑት ማይኩ ከአፍ ያለው ርቀትና ከየትኛው አቅጣጫ አጉልቶ የሚቀበል መሆኑ ናቸው። ዳይናሚክ ማይክ ዝምተኛ መስሎ የሚታየው ሰዎች ከንፈራቸውን አስጠግተው ስለሚናገሩበትና ከውስጡ የሚወጣው የኤሌክትሪክ መጠን አነስተኛ ስለሆነ ነው። ከኮንደንሰሩ ጋር እኩል ርቀት ላይ አቁሞ ጌኑን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ ማጉያ፣ ከፍ ያደረገ ሰው የጓሮውን ዶሮ በዳይናሚኩም ይሰማዋል።

ከሁሉም በላይ ልብ እንዲባል የምፈልገው ይህንን የርቀት ነገር ስለሆነ በቁጥር ላስረዳ። ከአፍ በቀጥታ ወደ ማይኩ የሚደርሰው ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲያነብ የነበረ ሰው ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቢያፈገፍግ ርቀቱ ሁለት ጊዜ በእጥፍ ስለጨመረ ድምፁ በ12 ዴሲቤል ዝቅ ይላል፤ ከብሎኬቱ ግድግዳ፣ ከሊሾው ወለልና ከቆርቆሮው ጣሪያ እየተላተመ የሚመለሰው ማስተጋባትና ከውጭ የሚገባው ጫጫታ ግን ባሉበት ይቆያሉ። ያን ጊዜ አንባቢው ጌኑን ከፍ ያደርጋል፤ ጌኑ ደግሞ ማስተጋባቱንም አብሮ ከፍ ያደርገዋል፤ በመጨረሻም ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ የመሰለ ድምፅ ተቀድቶ ይገኛል። «ማይኩ አይረባም» ተብለው ካዳመጥኳቸው ቀረጻዎች መካከል አብዛኞቹ ችግራቸው ይኸው ነበር። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ርቆ እንደገና መቅዳት ምንም ወጪ የለውም።

እዚህ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርዲዮይድ የሚባለውና በዋናነት ከፊት ለፊቱ የሚቀበለው የማይክ ዓይነት በጣም ሲጠጉት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል። ይህ ለተራኪ ግርማ ቢሰጥም ሲበዛ ቃላቱን ያደበዝዛል። «ፓ» እና «ፖ» ሲባል ከአፍ የሚወጣው ነፋስም ካፕሱሉን ይመታል፤ ለዚህ በቀለበት ሽቦ ላይ የተወጠረ ስስ የናይለን ካልሲ በአፍና በማይክ መካከል ማቆም ይበቃል።

«ሰውነቱ ትልቅ የሆነ ማይክ ካፕሱሉም ትልቅ ነው»

በአንድ ወቅት እኔም በዚህ ተታልያለሁ። ከአንድ ሱቅ በርካሽ ዋጋ የገዛሁት ማይክ ከውጭ ሲታይ ግርማ ነበረው፦ ወፍራም ወንፊት፣ ወርቅ የመሰለ ቀለበት፣ ከጎማ ገመድ የተሠራ ማንጠልጠያ። ሲቀዳ ግን እንደ ዝናብ ያለ ሹሹታ ከድምፄ ጋር ስለሚሰማ አንድ ቀን በትንሽ ካቻቢቴ ፈታሁት። ወንፊቱን ሳነሣ የእጅ መዳፍ የሚሞላው ያ ሁሉ ስፋት ባዶ ነበር፤ መሐሉ ላይ ግን የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል አንዲት ካፕሱል በፕላስቲክ ቀለበት ተሰክታ፣ ከሥሯ ሁለት እንደ ክር የቀጠኑ ሽቦዎች ወደ ሰርኪዩቱ ወርደዋል። ዓይነቷ በጆሮ ማዳመጫ ገመድ ላይ ከሚገኘው የስልክ ማይክ የተለየ አልነበረም።

ትልቅ ዳያፍራም አለው የሚባል ማይክ የሽፋኑ ስፋት በተለምዶ 1 ኢንች፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አነስተኛ ካፕሱል ከድምፅ የሚቀበለው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ የራሱ ሹሹታ ጎልቶ መሰማቱ የተለመደ ነው። ወንፊቱ ላይ የእጅ ስልክ መብራት አስጠግቶ በአንግል መመልከት የካፕሱሉን ስፋት ብዙውን ጊዜ ያሳያል፤ ሻጩም ይህን የሚከለክልበት ምክንያት ሊኖረው አይገባም።

እንዲህ ያለችው ትንሽ ካፕሱል ኤሌክትሬት የምትባለው ዓይነት ስለሆነች አንዳንዶች «ኤሌክትሬት ከሆነ ሐሰተኛ ኮንደንሰር ነው» ይላሉ፤ ይህም ስሕተት ነው። ኮንደንሰር ማይክ እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ በኢ. ሲ. ዌንቴ ሲፈለሰፍ ካፕሱሉ ከውጭ የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያስፈልገው ነበር። በ1962 ጀምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት ኤሌክትሬት ግን ኤሌክትሪኩን ለዘለቄታው በውስጡ የያዘ ሽፋን ነው። በብዙ የቤት ስቱዲዮ የሚታወቀው ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 ራሱ ካፕሱሉ ቋሚ ኤሌክትሪክ የያዘ ነው፤ ግን የተከበረ ማይክ ነው።

«ካርቶኑ ላይ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ከተባለ ጥሩ ነው»

ማይኩ ከወፍራም እስከ ቀጭን የሚይዛቸውን ድምፆች የሚገልጸው ይህ ቁጥር በርካሹም በውዱም ካርቶን ላይ ስለሚታተም ብቻውን ምንም አይለይም። ማይኩ በእነዚያ ድምፆች መካከል የቱን ያህል እንደሚያጎላ ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳይ መስመር ወይም የዴሲቤል ልዩነት አብሮ ካልተሰጠ ጽሑፉን ማለፍ ይቻላል።

ትርጉም ያለው ቁጥር የማይኩ የራስ ሹሹታ ነው። ኤቲ 2020 ይህ መጠኑ 20 ዴሲቤል ሲሆን፣ ሮድ ኤንቲ 1 ኤ የሚባለው 5 ዴሲቤል ነው። አምራቹ በዚህ ፈንታ የድምፅና የሹሹታ ንጽጽር ብሎ 74 ዴሲቤል ቢጽፍ ለመለኪያ ከሚያገለግለው 94 ዴሲቤል ላይ መቀነስ ነው፤ 20 ይመጣል። ይሁን እንጂ «ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀረጻዬ ይጠራል» ማለትም ሌላ ስሕተት ነው። በሌሊት ጸጥ ያለ የሚባል መኝታ ቤት ውስጥ ያለው ድምፅ 30 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ቀን ላይ በደሴ ፒያሳ አቅራቢያ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ወደ ባቲና ሚሌ የሚወጡት ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። እንዲህ ባለ ቤት ባለ 20 ዴሲቤሉ ማይክ ሹሹታ በክፍሉ ድምፅ ውስጥ ይሰጥማል፤ ለባለ 5 ዴሲቤሉ የሚከፈለው ተጨማሪ ብር በቀረጻው ላይ እምብዛም አይሰማም። ልዩነቱ የሚታየው በጸጥተኛ ክፍል እንደ ክራርና ዋሽንት ያለ ለስላሳ ድምፅ ራቅ ብሎ ሲቀዳ ነው።

«ፋንተም ፓወር ባይኖርም ኮምፒዩተር ላይ ሰክቼ እቀዳለሁ»

እውነተኛ ባለ ኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት እግር መሰኪያ) ኮንደንሰር አብዛኛውን ጊዜ በገመዱ በኩል የሚላክለት፣ ፋንተም ፓወር የተባለ 48 ቮልት ይፈልጋል፤ ይህንንም የሚሰጠው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ ሣጥን) ወይም ሚክሰር ነው። ቁጥሩ 48 የሆነው ኖይማን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለኖርዌይ ራዲዮ ማይክ ሲያቀርብ ጣቢያው ለአደጋ ጊዜ መብራት የሚጠቀምበት 48 ቮልት መስመር ስለነበረው ነው። የኮምፒዩተር የማይክ መሰኪያ የሚሰጠው ከጥቂት ቮልት አይበልጥም። ከርካሽ ማይክ ጋር በካርቶን የሚመጣው፣ በአንድ ጫፉ ኤክስ ኤል አር በሌላው ትንሽ ጃክ ያለው ገመድ፣ ለዚያች ለቁልፍ መሰሏ ካፕሱል ሊበቃ ይችላል፤ ለትክክለኛ ኮንደንሰር ግን አይበቃም። ስለዚህ ማይኩን ብቻ ሳይሆን ኢንተርፌሱንም በበጀት ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ኢንተርፌስ የመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ዩኤስቢ ማይክ አሳፋሪ ምርጫ አይደለም፤ ለአንድ ተራኪ በቂ ነው፤ ሁለት ማይክ በአንድ ጊዜ መቅዳት ለሚፈልግ ግን አይመችም።

48 ቮልቱ ዳይናሚክ ማይክን ያቃጥላል ብለው የሚሰጉም አሉ። ገመዱ ደህና እስከሆነ ድረስ ቮልቴጁ በሁለቱም ሽቦ እኩል ስለሚደርስ በማይኩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ አያልፍም፤ ዳይናሚኩም አይጎዳም። ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው በስስ የብረት ጥብጣብ የሚሠሩት አሮጌ ሪበን ማይኮች ናቸው።

«ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን ከለጠፍኩ ክፍሉ ስቱዲዮ ሆነ»

ይህ አባባል ብዙ ሰው አድክሟል። የ100 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ከ3 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ወረቀት እንዲህ ያለውን ሞገድ አያግደውም። የእንቁላል ካርቶን ቀጫጭኑን ድምፅ ትንሽ ይበትናል፤ ወፍራሙን እንዳለ ይተወዋል፤ በተጨማሪም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ወፈር ያለ ብርድ ልብስ ወይም ሁለት ተደራራቢ ጋቢ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ተራርቆ በአንባቢው ጀርባና በግራ ቀኙ ቢሰቀል፣ ከዚያም የጥጥ ፍራሽ ጥግ ላይ ቢቆም የተሻለ ይጠቅማል። ካርዲዮይድ ማይክ የሚያደምጠው አንባቢው ወዳለበት አቅጣጫ ስለሆነ መጀመሪያ መሸፈን ያለበት ከአንባቢው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው።

እነዚህ ሁሉ የውስጡን ማስተጋባት ይቀንሳሉ እንጂ የውጭውን ጫጫታ አይከለክሉም። የውጭ ድምፅ የሚገታው በክብደትና ክፍተትን በመድፈን ነው፤ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ መጠቅጠቅ ግድግዳ ሙሉ ስፖንጅ ከመለጠፍ ይልቅ ይረዳል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን ከመጠበቅ ሌላ መፍትሔ አላገኘሁም፤ በክረምት ከንጋት በፊት ያሉትን ሰዓታት ለቀረጻ መያዝ ይሻላል።

«ጫጫታውን በኋላ በሶፍትዌር አጠፋዋለሁ»

እንደ 50 ኸርዝ የመብራት እምምታ ያለ ወጥ ድምፅ በተወሰነ ደረጃ ይጠፋል፤ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪ መቅዳትም ብዙ ጊዜ ያንኑ እምምታ ከምንጩ ያስቀረዋል። የሰው ወሬና ማስተጋባት ግን ከድምፁ ጋር ተዋሕደዋል፤ ሶፍትዌሩ እነሱን ሲቆርጥ እየደከመ የሚሄደውን የድቤውን ድምፅና የቃላቱን መጨረሻ ብዙ ጊዜ አብሮ ይቆርጣል። ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እየተለካ እንደሚቀዳ የሚገልጸው «192 ኪሎ ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍም ለቤት ቀረጻ ዋጋ የለውም፤ 48 ኪሎ ኸርዝና 24 ቢት ከበቂ በላይ ነው።

«ማይክ የሚናገሩበት በጫፉ ነው»

በእጅ ከሚያዘው ማይክ የተወረሰ ልማድ ነው። ብዙዎቹ ትላልቅ ኮንደንሰሮች ቀጥ ብለው ይቆሙና የሚነገርባቸው በጎናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ የድርጅቱ ምልክት ባለበት ፊት በኩል ነው። በጫፉ የሚያነብ ሰው ድምፁ የደበዘዘና የራቀ ይሆንበታል፤ ከዚያም ማይኩን ይወቅሳል።

ማይኩን ከተጠቀሙበት በኋላ በማቆሚያው ላይ መተውም አይበጅም። የደሴ ጉምና የክረምቱ እርጥበት በስሱ ሽፋን ላይ ሲያርፍ መንጣጣት ያመጣል፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አንዱን ጨምሮ በዚፕ ቦርሳ ማስቀመጥ ይበቃል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሱቁ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ መሞከር ይገባል። መጀመሪያ ማንም ሳይናገር ግማሽ ደቂቃ መቅዳት፣ ቀጥሎ በአንድ ስንዝር ርቀት ከፊት ለፊት አንድ አንቀጽ ማንበብ፣ ከዚያም ራስን ሳያንቀሳቅሱ ማይኩን ወደ ጎን፣ በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ ወደ ጀርባ አዙሮ ያንኑ አንቀጽ መድገም። ትክክለኛ ካርዲዮይድ ከጎን ሲሆን በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ከጀርባ ደግሞ ከዚያ በጣም ይደክማል። ከኋላ የተነበበው አንቀጽ ከፊቱ እኩል ከተሰማ ካርቶኑ ላይ ካርዲዮይድ ተብሎ የተጻፈው እውነት አይደለም፤ ማይኩም ወደ መደርደሪያው ሊመለስ ይችላል።