«ፎር ዊል ካስገባህ በረዶ አያሸንፍህም»፦ በተራራ መንገድ አምቡላንስ ስለ መንዳት ከሚነገሩ ስህተቶች አንዳንዶቹ

«በረዶ የፈረንጅ አገር ችግር ነው» ይባላል። ሐምሌና ነሐሴ ከዶፍ ጋር የሚወርደው በረዶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ሲያለብስ ጎማው መሬት አይነካም። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚያልፈው የቧሂት ተራራ መንገድ ደግሞ በበጋ ሌሊት የተኛው ውሃ በረዶ ሆኖ ይረጋል።

የሚያሳዝነው ግን «ፎር ዊል ካስገባህ አያንሸራትትም» የሚለው ነው፤ ስንት ጊዜ ይነገር! ፎር ዊል (አራቱም ጎማ በሞተር የሚነዳበት) ዳገት ለመውጣት ይጎትታል እንጂ አያቆምም። ፍሬን በማንኛውም መኪና አራቱንም ጎማ ስለሚይዝ፣ ፎር ዊል በፍሬን ለማቆም የሚጨምረው ነገር የለም። በረጋ በረዶ ላይ ደግሞ መኪና ለመቆም ከደረቅ አስፋልት እስከ 10 እጥፍ ርቀት ይፈልጋል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ፎር ዊሉ ጭራሽ አልገባም። በእጅ የሚቆለፍ ሀብ (የጎማው መሃል ላይ ያለው ማያያዣ) ባለው ላንድክሩዘር፣ የሁለቱም የፊት ጎማ ሀብ «ሎክ» ላይ ካልዞረ የፎር ዊሉን ዘንግ መሳብ ብቻውን የፊት ጎማን አያስነዳም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሜዳ ላይ ይቁሙ፤ ወርደው ሀቦቹን ይቆልፉ፤ ዝቅተኛውን ፎር ዊል በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ። ሲወርዱ ፍሪሲዮን አይርገጡ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ጎማው ተቆልፎ ከተንሸራተተ ነዳጅ በጥቂቱ ይስጡ። ፍሬን የሚነካው ከኩርባው በፊት፣ መሪው ቀጥ ባለበት ነው፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የሌለው መኪና ላይ ደግሞ እየነኩ መልቀቅ እንጂ ረግጦ መያዝ አይገባም። የዲፈረንሻል መቆለፊያ (ግራና ቀኝ ጎማን እኩል እንዲዞሩ የሚያስገድደው) ካለ ቁልቁለት ላይ አያስገቡት፤ መሪው አይታዘዝም። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲደርሱ ከፎር ዊል ይውጡ፤ አለበለዚያ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ይጎዳሉ።

«የጎማ አየር ማውጣት በረዶ ላይ ይረዳል»፦ ጭቃና አሸዋ ላይ ይረዳል፤ የረጋ በረዶ ላይ ግን ብዙም አይረዳም። እዚያ የሚያዋጣው የጎማ ሰንሰለት ነው፤ እሱም የሚታሰረው ከመጣበቅ በፊት ነው። የትኛው ጎማ ላይ እንደሚታሰር የመኪናው መመሪያ ይናገራል። ጥቂት መቶ ሜትር ከሄዱ በኋላ ቆመው እንደገና ያጥብቁት።

በረዶ የረጋበት መስታወት ላይ ሙቅ ውሃ ማፍሰስም ልማድ ሆኗል፤ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

«ሳይረን ከበራ መንገዱ ይከፈታል» የሚሉም አሉ። ዶፍ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚደበድብበት ሰዓት እረኛውም የሌላ መኪና ሾፌርም ላይሰማው ይችላል፤ ኩርባ ላይ ቀስ ይበሉ። ታካሚው በወንበር ቀበቶ ወይም በቃሬዛ ማሰሪያ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩም ቆሞ በጠፍር ሳይታሰር ከግቢ አይውጡ።