ወንጭፍና ጠጠሩ፦ የወሎ ቆላ የማሽላ ጥበቃ

በወሎ ቆላማ ቦታዎች፣ በቆቦም በሐርቡም በከሚሴም፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ ከወፍ ለመጠበቅ ማማ ይቆማል። ማማ ማለት 4 ጠንካራ እንጨት ተተክሎ ከላይ የተረበረበ መቆሚያ ነው። ከአገዳው በላይ ብቅ ካላለ ዋጋ የለውም። ላዩ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ በእጁ ወንጭፍ ይዟል። ጅራፍ የሚያጮሁም አሉ።

ወንጭፍ ከቃጫ ወይም ከቆዳ ጠፍር ይጎነጎናል። መሃሉ ሰፋ ብሎ ጠጠሩን ይይዛል፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት እኩል ገመድ ይወጣለታል። የአንዱ ጫፍ ቀለበት ሆኖ ጣት ላይ ይጠልቃል። የሌላው ጫፍ ይቋጠርና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዛል። አሽከርክሮ ቋጠሮውን መልቀቅ ነው፣ አለቀ። ግን ትንሽ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ጠጠሩ የጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ጠጠሩ ይፈጥናል፤ እጅ መግራቱ ግን ይከብዳል። ስለዚህ ለጀማሪ አጠር ያለው ይሻላል።

ጀማሪ የሚሸወደው ጠጠር ሲመርጥ ነው። ትልቁ ጉልበት ያለው ይመስለዋል። ትልቁ ክንድ ያዝላል፣ ሩቅ አይሄድም፣ የወደቀበትን አገዳም ይሰብራል። ለወፍ ከእንቁላል ያነሰ ድቡልቡል ጠጠር ይበቃል። ጠፍጣፋው አየር ላይ ይዋልላል፤ ሹሉ ወንጭፉን ይበላል። ከሁሉም በላይ መጠናቸው ይመሳሰል። አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል ከሆነ እጅ የሚለቅበትን ቅጽበት መቼም አይለምድም። ውሃ ያለሰለሰው የወንዝ ጠጠር የሚፈለገው ለዚህ ነው። ዳዊትም ጎልያድን ሊገጥም ሲሄድ 5 ድብልብል ድንጋይ የመረጠው ከወንዝ ነበር።

ጠጠር በሌለበት ጭቃ አድቦልቡሎ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይቻላል። ሲወድቅ ይፈረካከሳል። ማሳው ውስጥ ድንጋይ አይጠራቀምም፣ በአጨዳ ጊዜም ማጭድ አይዶለድምም። ለልጅ እጅ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ከማሳው ማዶ ሰውም ከብትም አለ።

ደግሞ የምትበር ወፍ በወንጭፍ እመታለሁ ማለት ዘበት ነው። ዋናው ማስነሳት ነው። ጠጠሩ ከመንጋው ወዲህ ቢወድቅ ጥሩ ነው፤ ከወዲያ ከወደቀ ወፉ ተነስቶ ወደ ማሳው መሃል ይገባል። ግሪሳ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ በቀን ግን ወደ 10 ግራም እህል ልታጠፋ ትችላለች። የምትበላው ማለዳና ወደ ማታ ነው፤ ቀትር ላይ ጥላ ትይዛለች። ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ያልተገኘ ጠባቂ ረፍዶበታል።

የማሽላው ዓይነትም ሥራውን ይወስነዋል። የሚመርረውን ቀይ ማሽላ ወፍ እምብዛም አይደፍረውም። «ወተት በጉንጬ» የሚባለው የማሽላ ዝርያ ግን ተጠብሶ ሲበላ ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት እንዳለባቸው ከገለጿቸው የኢትዮጵያ ማሽላዎች መካከል ይህ የወሎ ዝርያ ይገኝበታል።

ደጋ ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ ገብሱን የሚያሰጋው ጭላዳ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም፤ ማባረር እንጂ መግደል አይፈቀድም።

ግሪሳው ሰማይ አጥቁሮ ሲመጣ የአንድ ማማ ወንጭፍ አይመልሰውም። ያኔ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገራል። የመንጋው ማደሪያ ይፈለግና በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል።